ቀይ ቀበሮው ሳሩ ውስጥ ለምን ጠፋ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ዱር እንስሳት የምታወጧቸው ጽሑፎች ይነበባሉ። ችግሩ ያለው አብረዋቸው በሚወጡት ፎቶዎች ላይ ነው። ባለ ቀለም ገጽ የደረሰው ፎቶ እንደ ነገሩ ይታያል። ጥቁርና ነጭ ገጽ የደረሰው ግን ግራጫ በግራጫ ሆኖ፣ እንስሳው ከሳሩ፣ ሳሩም ከድንጋዩ ሳይለይ ይወጣል። አንባቢ በወረቀቱና በማተሚያ ማሽኑ ያመካኛል። ማሽኑም የራሱ ኃጢአት አለው፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ዋናው ጥፋት ግን የሚፈጸመው ፎቶው ማተሚያ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን በአንድ ቁልፍ ሲያጠፋው ነው።

ቀለም ደግሞ አይጠፋም፣ ወደ ግራጫ ይመነዘራል። ቀዩ ስንት ግራጫ ያወጣል? አረንጓዴውስ? ምንዛሪውን ሰው ካልወሰነ ፕሮግራሙ ይወስናል። ፕሮግራሙ ደግሞ ቀበሮ ይሁን ቁጥቋጦ የሚያውቀው ነገር የለም።

በቁጥር ማየቱ ይቀላል። በዲጂታል ፎቶ ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራበት ትንሹ ነጥብ፣ ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በጠዋት ብርሃን የቆመ ቀይ ቀበሮ ጎኑ ላይ ያለ ፒክስል ቀይ 176፣ አረንጓዴ 104፣ ሰማያዊ 56 ነው እንበል። ከኋላው ያለው ሳር ደግሞ 112፣ 128፣ 64። በቀለም ሲታዩ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አሁን የተለመደውን ምንዛሪ እንጠቀም። ከድሮው የቴሌቪዥን ደረጃ የተወረሰው ስሌት የቀዩን 0.299፣ የአረንጓዴውን 0.587፣ የሰማያዊውን 0.114 ወስዶ ይደምራል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ ወይም ለዚህ በቀረበ ስሌት ነው። ቀበሮው 120 ይወጣል። ሳሩ 116። በ256 ደረጃ መካከል የ4 ደረጃ ልዩነት ማለት ነው፤ ስክሪን ላይ በጭንቅ ይታይ ይሆናል፣ ጋዜጣ ወረቀት ላይ ግን የለም። ቀበሮው ሳሩ ውስጥ ሰመጠ።

ስሌቱ በራሱ ስህተት የለበትም፤ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ የበለጠ፣ ለሰማያዊ በጣም ያነሰ ብሩህነት እንደሚሰጥ ይዞ የተሠራ ነው። ቀበሮውና ሳሩ በብሩህነት በእርግጥም እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነበር፣ ቀለሙን ደግሞ ወሰድንባቸው። ይህን በመሰለ መንገድ የሚያዩ ፍጥረታትም አሉ። አጋዘንና ሌሎች ብዙ አጥቢ እንስሳት ቀለም የሚለዩባቸው የዓይን ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ ብርቱካናማን ከአረንጓዴ መለየት ይቸግራቸዋል። የእስያው ባለ መስመር ታይገር ያን የመሰለ ብርቱካናማ ለብሶ አረንጓዴ ጫካ ውስጥ አድፍጦ የሚሳካለትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአንድ ቁልፍ የተለወጠ ፎቶ እንግዲህ አንባቢውን አጋዘን ያደርገዋል።

ምንዛሪውን እንቀይረው። ከቀይ 70 በመቶ፣ ከአረንጓዴ 20፣ ከሰማያዊ 10 ሲወሰድ ቀበሮው ወደ 150 ይወጣል፣ ሳሩ ወደ 110 ይወርዳል። የ40 ደረጃ ልዩነት! ቀበሮው ከጠቆረ ሳር ላይ በርቶ ይቆማል። ወይም ተቃራኒው ይደረግ፦ አረንጓዴ 120 በመቶ፣ ቀይ ከዜሮ በታች 20፣ ሰማያዊ ባዶ። ቀበሮው 90 ገደማ፣ ሳሩ 131 ይሆናል፣ ማለትም ጥቁር ቀበሮ በነጣ ሳር ላይ። ሁለቱም ከአንድ ፎቶ የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም እንስሳውን ያሳያሉ። ለቀይ ቀበሮ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት በሁለተኛው ውስጥ ከመጠን በላይ ጮሆ ፊቱን ይሸፍንበታል።

በልምድ የሚሠራባቸው አቋራጮች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ሙሌቱን ወደ ዜሮ ማውረድ ወይም ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ "ዲሳቹሬት" የሚባለው ትእዛዝ ከሁሉ የከፋው ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት ይከፍላል፣ መካከለኛውን ጭራሽ አያየውም። በዚህ ስሌት ንጹሕ ቀይ፣ ንጹሕ አረንጓዴ፣ ንጹሕ ሰማያዊና ንጹሕ ቢጫ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ደረቷ ቢጫ የሆነ ወፍ 240፣ 210፣ 30 ብትሆንና የተቀመጠችበት ቅጠል 120፣ 170፣ 100 ቢሆን ሁለቱም 135 ይወጣሉ። ወፏ በዓይን ስትታይ ከቅጠሉ በጣም የበራች ሆና ሳለ! ፋይሉን ወደ "ግሬይስኬል" መለወጥ ከዚያ ይሻላል፣ ቢጫዋን ወፍ ያድናታል፤ ቀበሮውን ግን ያሰምጠዋል። ብርሃንን ከቀለም ለይቶ ከሚይዘው፣ "ላብ" ከሚባለው የቀለም ሥርዓት የብርሃኑን ቻናል (የአንዱን ቁጥር ብቻ የያዘውን የፎቶ ንብርብር) ነጥሎ መውሰድም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

የፊልም ዘመን ሰዎች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁት ነበር፣ ምክንያቱም ቁልፍ አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹ የፎቶ ሳህኖች (ምስል የሚቀረጽባቸው መስታወቶች) ሰማያዊን ብቻ ያዩ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ቮገል እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር ወደ አረንጓዴ እንዲሰፉ የሚያደርግ መንገድ አገኘ። ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ሳህን ገበያ ላይ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ በኋላ ምንዛሪው የሚወሰነው ሌንሱ ፊት በሚደረግ ባለ ቀለም መስታወት ሆነ። ቢጫው ቁጥር 8 ፊልተር ሰማዩን በመጠኑ ያጠቁራል፣ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ግማሹን ብርሃን ያስከፍላል። ቀዩ ቁጥር 25 ሰማዩን ወደ ጥቁር ያወርዳል፣ ዋጋውም ሦስት ስቶፕ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ብርሃን ነው። ለሚሮጥ እንስሳ ሦስት ስቶፕ ማጣት ፎቶውን ማጣት ነው። የዛሬው ፎቶ አንሺ በቀለም አንስቶ ፊልተሩን ቤቱ ተቀምጦ ይመርጣል። ሴንሰራቸው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍላቸው፣ ቀለም ጨርሶ የማያይ ካሜራዎችም አሉ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ላይካ ኤም ሞኖክሮም። ጥራታቸው የሚያስቀና ነው፤ ግን ምንዛሪው እንደ ጥንቱ ማንሻውን ከመጫን በፊት ያልቃል። ለዱር እንስሳ አልመክረውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶው በራው፣ ማለትም ሴንሰሩ ያነበበውን ሳያቀነባብር በሚይዝ ፋይል መነሳት አለበት። የተለመደው የታመቀ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ ራው ባለ 14 ቢት ከሆነ 16,384 ይይዛል። ከደረጃው ቁጥር የባሰው ግን ሌላ ነው፦ አብዛኛው ጄፔግ ብሩህነትን በሙሉ መጠን፣ ቀለምን ግን በወርድም በቁመትም ግማሽ አድርጎ ያስቀምጣል። በቀለም ሲታይ ዓይን ይህን አይይዘውም። ቀለሙን ወደ ግራጫ ስንመነዝር ግን የተሰወረው ሁሉ ይወጣል፣ የዝሆን ጆሮ ላይ 8 በ8 ፒክስል የሆኑ ካሬዎች፣ የወፍ ክንፍ ጠርዝ ላይ ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር። ካሜራው ላይ ጥቁርና ነጭ ማየት የሚፈልግ ሰው የሥዕል ስልቱን ሞኖክሮም አድርጎ በራው ይቅዳ፤ ስክሪኑ ግራጫ ያሳየዋል፣ ራው ፋይሉ ውስጥ ቀለሙ በሙሉ ይቆያል።

ከምንዛሪው በፊት ሦስት ነገሮች በቀለም ሳሉ ይጸዳሉ። አንደኛ ነጭ ሚዛኑ፦ ግራጫ ድንጋይ ወይም ደመና ላይ ተነክቶ ይስተካከል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ነገሩ ብርቱካናማ ስለሆነ ስላይደሮቹ (እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚያበሩትና የሚያጠቁሩት ተንሸራታች ማስተካከያዎች) የሚለዩት ቀለም አያገኙም። ሁለተኛ ሌንሱ ጠርዝ ላይ የሚጥለው ወይን ጠጅና አረንጓዴ ክር፤ ካልተነሳ፣ ሐምራዊውን ስላይደር ስንነካ ቀንዱ ዙሪያ ነጭ ወይም ጥቁር ሽቦ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛ የቀለም ኖይዝ (ካሜራው በራሱ የሚጨምረው ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ)፤ የካሜራው የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 3200 ሲደርስ ጥላ ውስጥ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከተመነዘሩ በኋላ የብርሃን ነጠብጣብ ስለሚሆኑ ከጸጉር መለየት አይቻልም። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ ሁሉንም በብሩሽ ሲጠርግ ይውላል።

ከዚያ ወደ ምንዛሪው። ላይትሩም በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ስምንት ስላይደሮች አሉ፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ማጄንታ (ደማቅ ሮዝ)። የፎቶሾፑ የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ስድስት አሉት፣ ሲከፈትም ቀይ 40፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 40፣ ሳያን (ውኃ ሰማያዊ) 60፣ ሰማያዊ 20፣ ማጄንታ 80 ላይ ይቆማል። ጂምፕ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፣ እዚያም ሦስቱን ቻናሎች በመቶኛ መደባለቅ ይቻላል። ቻናል ሲደባለቅ የሦስቱ ድምር 100 አካባቢ ይሁን፤ 130 ቢሆን የጉሬዛው ነጭ ጸጉር ተቃጥሎ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ 70 ቢሆን ሁሉም ይጨልማል።

ስለ ዱር እንስሳ ማወቅ የሚገባው፣ የአጥቢ እንስሳት ጸጉር ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚኖረው ብርቱካናማና ቢጫ ውስጥ መሆኑ ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ድኩላ፣ ቀጭኔ፣ ጅብም ቢሆን። የደረቀ ሳርም ቢጫ ውስጥ ነው። አረንጓዴ የሚመስለን ሳርም በፎቶ ውስጥ ከአረንጓዴ ይልቅ ቢጫ ስላይደርን ይሰማል፤ አዲስ ሰው አረንጓዴውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ምንም ሳይቀየርለት የሚደነግጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ሥራው ያለው ብርቱካናማውና ቢጫው መካከል ነው፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ለአንበሳ በደረቅ ሳር ውስጥ ብርቱካናማ ሲደመር 20፣ ቢጫ ሲቀነስ 25 ጥሩ መነሻ ነው። ስላይደሩን በስሙ ከመገመት ደግሞ በቀጥታ ፎቶው ላይ እየጎተቱ የሚያስተካክሉበትን መሣሪያ መጠቀም ይሻላል። አንበሳው ትከሻ ላይ ጫን አድርጎ ወደ ላይ ሲጎተት የትኞቹ ቀለሞች እዚያ እንዳሉ ፕሮግራሙ ራሱ ያገኛቸዋል።

አጎራባች ስላይደሮች ከ60 በላይ አይራራቁ። ብርቱካናማው ሲደመር 50፣ ቢጫው ሲቀነስ 50 ከሆነ፣ በሁለቱ ድንበር ላይ ያለ ጸጉር አንዱ ዘለላ ነጭ፣ አጠገቡ ያለው ጥቁር ሆኖ እንስሳው እከክ የያዘው ይመስላል።

ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ላይ ግን ይለውጣል። ነጠብጣቦቹ ጥቁር፣ መሬቱ ወርቃማ ስለሆነ ብርቱካናማና ቢጫው አብረው ከፍ ሲሉ ዥንጉርጉርነቱ ይጎላል፤ ዝቅ ሲሉ መሬቱ ወደ ነጠብጣቡ ይጠጋና ነብሩ ጥቁር ለምድ የለበሰ ይሆናል። ዛፍ ላይ የተኛ ነብር ከሆነ ደግሞ የቅጠሉ ጥላ ራሱ ነጠብጣብ ስለሚሠራ፣ ኮንትራስት በጨመርን ቁጥር እንስሳው ይበልጥ ይደበቃል። እዚያ መፍትሔው ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ ማስተካከያ) ብቻ ነው፦ ቅጠሉ ለብቻው ወደ ጨለማ፣ ነብሩ ለብቻው ወደ ብርሃን።

ከሁሉ ይበልጥ ማሰብ የሚጠይቀው ጭላዳ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፣ የቀዩም ድምቀት በመንጋው ውስጥ ካለው ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ቆዳ 170፣ 80፣ 75 ቢሆንና ዙሪያው ያለው ቡናማ ጸጉር 125፣ 100፣ 75 ቢሆን በተለመደው ስሌት ቆዳው 106፣ ጸጉሩ 105 ይሆናል። የእንስሳው መታወቂያ ከፎቶው ላይ ተፋቀ ማለት ነው። ታዲያ ወዴት ይሂድ? ቀይን 70፣ አረንጓዴን 20፣ ሰማያዊን 10 ብናደርግ ቆዳው 142 ገደማ፣ ጸጉሩ 115 ይሆናል፣ ደረቱ ላይ የገረጣ ምልክት ይታያል። ቀይን ትተን አረንጓዴ 80፣ ሰማያዊ 20 ብንወስድ ቆዳው 79፣ ጸጉሩ 95 ሆኖ ምልክቱ ይጠቁራል። የገረጣው ለዓይን ይበልጥ ይወጣል፣ ፎቶ አንሺዎችም እሱን ይመርጣሉ። በእኔ አስተያየት ግን የጠቆረው ይሻላል። ደም የሞላበትን ቀይ አንባቢው በአእምሮው የሚያስበው ድቅድቅ አድርጎ ነው፤ ገርጥቶ ሲያየው ጠባሳ ወይም የተላጠ ቆዳ ይመስለዋል። የቱም ቢመረጥ የፎቶው መግለጫ "ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ" ብሎ ይጥራው። ቀለሙን ከሥዕሉ ከወሰድን በቃል እንመልስ።

የሜዳ አህያ ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ነው፤ ብዙም የሚያስተምረው የለም። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር፣ ነጩ መስመር በአቧራ ቡናማ ሆኖ ሳለ ብርቱካናማውን ገፍቶ በግድ ማንጣት ነው፤ እንስሳው ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ዝሆን ከመጀመሪያው ግራጫ ስለሆነ ስላይደር ብዙ አይሰማም፣ የዝሆን ፎቶ የሚሠራው በብርሃን አቅጣጫ ነው፦ ከጎን የመጣ ብርሃን የቆዳውን ስንጥቅ ይቆጥረዋል፣ የቀትር ብርሃን ግን ግድግዳ ያደርገዋል። ቀትር ላይ የተነሳን ዝሆን "ለጥቁርና ነጭ ይሆናል" ብሎ ማስቀመጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ቀለም ማጣት ብርሃን አይሰጥም። በምሥራቅ አፍሪካ እንስሳት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ የሚታወቀው ኒክ ብራንት ሚዲየም ፎርማት በሚባለው ከተለመደው በሚሰፋ ፊልም፣ ያለ ረጅም ሌንስ ቀርቦ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ሥራዎቹን የተሸከሟቸው ቅርጽ፣ ሰማይና ርቀት ናቸው፣ የፕሮግራም ቁልፍ አይደለም።

ስለ ሰማይ ካነሳን፣ ሰማያዊውን ስላይደር እስከ ታች መጎተት የሚፈትን ነገር ነው። ሰማዩ ጥቁር፣ ደመናው ነጭ፣ ትርኢቱ ግሩም። አንድ ለአንድ አጉልቶ ማየት ግን ይጠቅማል። ሰማያዊው ቻናል ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ኖይዝ የሚበዛበት ነው፤ ከሴንሰሩ ፒክስሎች ግማሾቹ አረንጓዴን፣ ሩቦቹ ቀይን፣ ሩቦቹ ብቻ ሰማያዊን ያነባሉ። ስለዚህ ሰማዩ አሸዋ የተበተነበት ይሆናል። የአንበሳው ጎፈር ዙሪያም ነጭ ክር ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ፒክስሎች ግማሽ ጸጉር ግማሽ ሰማይ ስለሆኑ ከሰማዩ ጋር አብረው አይጠቁሩም። ስላይደሩን ከሲቀነስ 30 በታች አለማውረድ፣ የቀረውን ደግሞ ከላይ ወደ ታች በሚሳሳ ማስክ ማጨለም ይሻላል። ሥራው በ16 ቢት (በብዙ ሺህ የግራጫ ደረጃ) ካልሆነ ደግሞ ሰማዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደረደሩ ቀለበቶች ይመጣሉ፤ ጥቂት ግሬን (የፊልም ዓይነት ቅንጣት) ሲጨመርበት ይሸፈናል።

ዓይን ለብቻው ይሠራ። የአንበሳ ዓይን ከጸጉሩ ጋር አንድ የቀለም ቤተሰብ ስለሆነ በስላይደር አይለይም። አዲስ ሌየር (ንብርብር) በ50 በመቶ ግራጫ ሞልቶ፣ መደባለቂያውን "ሶፍት ላይት" አድርጎ፣ ፍሰቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ በነጭ ዓይኑን ማፍካት፣ በጥቁር የዓይኑን ቆብ ዳር ማጥቆር በቂ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ መዳሰስ። በአንድ ጊዜ በ30 በመቶ የፈካ ዓይን አምፖል የተገጠመለት ይመስላል። የመካከለኛ ግራጫዎችን ልዩነት የሚያጎላው "ክላሪቲ" ደግሞ ለአዞ ጀርባና ለጉማሬ ቆዳ ይስማማል። ለላባና ለግልገል ከ10 በላይ አይደረግ፣ ግልገሏን ያስረጃታል።

አሁን ወደ ማሽኑ ኃጢአት። ጋዜጣ ፎቶን የሚያትመው በጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል፣ የታተመው ነጥብም ከታሰበው ይወፍራል። በዓለም አቀፉ የጋዜጣ ኅትመት ደረጃ የመካከለኛው ግራጫ ነጥብ መወፈሩ 26 በመቶ ተደርጎ ይታሰባል። ስክሪን ላይ 50 በመቶ የሆነው የቀበሮ ጎን ወረቀት ላይ 76 በመቶ ያህል ጥቁር ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ለሱ ሳይዘጋጅ የሄደ ፎቶ ሁሉ ጭቃ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ግራጫ ሲለውጡ ነጥብ መወፈርን ያሰላ ፕሮፋይል (የማተሚያው ጠባይ የተመዘገበበት ቅንብር) መምረጥ ነው፤ ፎቶሾፕ ከ10 እስከ 30 በመቶ ያሉ አሉት፣ ሲከፈት የሚያቀርበው 20 ነው፣ ለጋዜጣ 25 ወይም 30 ይሁን። ይህ ከተደረገ በኋላ ደግሞ "ጋዜጣ ስለሆነ" ብሎ በእጅ በድጋሚ ማፍካት አያስፈልግም፤ ሁለት ጊዜ የታረመ ፎቶ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ በራሱ ማሽን ላይ እርማት የሚጨምር መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ሦስተኛ እርማትም እንዳይሆን። ነጩ ጫፍ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነጥብ ይያዝ፣ አለበለዚያ የጉሬዛው ጭራ ወረቀቱ ውስጥ ይቀልጣል። ጥቁሩ ጫፍ 90 አካባቢ ይቁም፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ሆኖ ስለሚዘጋ።

ጋዜጣ በሴንቲ ሜትር 40 መስመር ቢያትም፣ የአንዷ ነጥብ ቤት ሩብ ሚሊ ሜትር ነች። ከዚያ የቀጠነ ጢም አይታተምም። ፎቶ መራጩ አጠቃላይ ገጽታው ጠንካራ የሆነውን ይምረጥ፣ ሺህ ጸጉር የሚቆጠርበትን ለድረ ገጽ ይተው። ለኅትመት በኢንች 200 ፒክስል በቂ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለሚይዝ ፎቶ 790 ፒክስል ያህል ማለት ነው። መጠኑ ከተወሰነ በኋላ ጠርዙ እንዲጠራ ይሳል፣ ከዚያ በፊት አይደለም፤ "አንሻርፕ ማስክ" ላይ መጠን 150፣ ራዲየስ 1፣ መነሻ ገደብ 3 ስክሪን ላይ ትንሽ ሸካራ ይመስላል፣ ወረቀቱ ግን ያለሰልሰዋል።

አንድ የመጨረሻ አደጋ አለ፣ ምናልባትም ውስጥ ገጽ ላይ ከሚታዩት ነጣ ነጣ ያሉ ፎቶዎች አንዳንዶቹ የሱ ልጆች ናቸው። ባለ አራት ቀለም ፋይል በስህተት ባለ አንድ ቀለም ገጽ ላይ ሲቀመጥ፣ አንዳንዴ የጥቁሩ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ብቻ ይወጣል። የእንስሳው ሥጋና ጸጉር ያለው ሳያን፣ ማጄንታና ቢጫው ውስጥ ነበር፤ ጥቁሩ የሚይዘው የጥላውን አጽም ብቻ ነው። ዝሆኑ የእርሳስ ንድፍ ሆኖ ይወጣል። በተገላቢጦሽ፣ ግራጫ ፎቶ በአራት ቀለም ከታተመ ፕሌቶቹ በጥቂቱ ቢዛነፉ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ክር ይይዛል። ግራጫ ፎቶ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም።

የማይለወጡም አሉ። ፍላሚንጎ ያለ ሮዝ ቀለሟ ረጅም እግር ያላት ወፍ ብቻ ናት። ጽሑፉ ሁለት ተቀራራቢ ወፎችን በላባቸው ቀለም ስለመለየት ከሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከጽሑፉ ጋር ይጣላል። እንዲህ ያለው ለቀለም ገጽ ተራውን ይጠብቅ፣ ወይም በንድፍ ይተካ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ይህ ነው። ፎቶው ውስጥ ገጽ ላይ የሚወጣ ከሆነ ለፎቶ አንሺው ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ይነገረው፣ በሴንቲ ሜትር የሚይዘው ስፋትና የማተሚያ ቤቱ ፕሮፋይል አብሮ ይላክለት፣ ግራጫውን ራሱ ሠርቶ ይስጥ። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ገጽ አቀናባሪው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሦስቱን ቻናሎች አንድ በአንድ ከፍቶ ይያቸው። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ እንስሳው ከሳሩ ተለይቶ ቆሞ ይገኛል፣ ሥራው ከዚያ ይጀመር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ የሆነ የፎቶግራፍና የኅትመት ባለሙያ